ቅንጬ የወረሰው የአባቴ ማሳ

ሸዋ ሮቢት ዳር ያለውን ማሳችንን ቅንጬ አረም ሲወርሰው እኔና አባቴ ስንጨቃጨቅ ከረምን። እሳቸው ሳያብብ በእጅ ይነቀል ይላሉ፤ እኔ መድኃኒት ይረጭ እላለሁ። ማሳው የአያቴ ነበር። አባቴ አንድ ዓመት እንኳ ጦም አሳድረውት አያውቁም፤ ጭንቃቸው ሁሉ እሱ ነው።

መጀመሪያ የእሳቸው ሐሳብ ተሞከረና ደቦ ጠራን። በተቆረጠው ቀን ሰው ሞቶ ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ወጣ። ከዚያ ለቅሶ መቀመጥ መጣ፣ ከዚያ ጁምዓ፣ ከዚያ ደግሞ ማርያም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በበዓል አፈር አይነኩም። ደቦው ሲደርስ አረሙ አብቦ፣ ዘር ይዞ ጠበቀን። ነቀልን ብለን በገዛ እጃችን ዘራነው። አባቴ በባዶ እጃቸው ሲነቅሉ ውለው እስከ ክንዳቸው አበጡ፤ ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጤና ጣቢያም «ሁለተኛ እንዳይነኩት» አላቸው።

«በሉ እንግዲህ፣ አሁን የእኔን እንሞክር» አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! መርጫውን አዝዬ ማሽላው ውስጥ ገባሁ። መድኃኒቱ ቅጠለ ሰፊውን እንጂ ማሽላን አይነካም፤ ይህን አውቃለሁ። ከጎኑ የዘራነው ማሾም እንደ ማንኛውም ጥራጥሬ ቅጠለ ሰፊ መሆኑን ግን፣ ወላሂ፣ ንፋሱ ሲነሳ እንኳ አላሰብኩትም። በሳምንቱ ማሾው ተጠማዞ ደረቀ። ቅንጬውማ አንድ ዝናብ ሲጥል ከሥር እንደገና ፈላ።

አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ አረሙ ከእኔም አቅም በላይ ሲሆን «ጦም ከሚያድር ለእኩል አራሽ ይሰጥ» አሉና አንድ ጎረቤታችንን አስጠሩ። ይሄ ሰው ድሮ ይህንኑ ማሳ ለማረስ ስንት ሽማግሌ ልኮብናል። መጣ፣ ድንበሩ ላይ ቆሞ አየው፣ እግሩን እንኳ አላስገባም።

«ኧረ አባባ፣ ይቅርብኝ። የራሴንም አልቻልኩት።»

«እኩል አልጠይቅህም» አሉት አባቴ። «እንዲያው እረሰው። ምርቱ ሙሉውን ያንተ ይሁን።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «አፉ በሉኝ አባባ» ብሎ መንገዱን ጀመረ።

«ዘሩንም እኔ እችላለሁ!» ብለው ከኋላው ተጣሩ። አልዞረም። «አንተ ሰው፣ ዘሩንም እሰጥሃለሁ እኮ!» ሊደግሙ ሲሉ ሳል አቋረጣቸው።

አባቴ ሰው ሲለምኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለዚያ ያበቃኋቸውም እኔ ነኝ።