የልብስ ሰፊዋ ጣውንት

የሰው ባል ከሥራ ሲመለስ ዳቦ ይዞ ይገባል። የልብስ ሰፊዋ ባል ግን አንድ ቀን ከቦይ ዳር የነቀለውን አስተናግር በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ከች አለ።

«ይሄን ግማታም መርዝ ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?»

«ጠባዩን ላውቀው ነዋ!» አላት። የመድኃኒት ፋብሪካ አትክልተኛ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለውን ሲኮተኩት ውሎም አልጠገበም። መስኮቷ ሥር ተከለው።

ከዚያ ወዲያ ጣውንት መጣባት በሉት። ስሙንም እሷው «ጣውንቴ» አለችው። አመሻሹ ላይ ነጩ አበባ ሲፈካ ባሏ ዱካ ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል። እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ «እኔንም አንድ ቀን እንዲህ እየኝ እንጂ!» ትለዋለች። «አንቺንማ መርዝሽን ከለየሁት ቆየሁ» ይላታል። ወይ ምላሱ! እየተሳደበች ትስቅ ነበር፤ ደግ ዘመን ነበር።

አስም ያለበት ጎረቤታቸው፣ የአስተናግር ቅጠል ጭስ ያሽላል ሲሉ ሰምቶ ቅጠል ሊለምን መጣ። አትክልተኛው እንቢ አለ። «ከአንድ ግንድ የተቀጠፉ ሁለት ቅጠሎች እንኳ መርዛቸው እኩል አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ ሳይለካ አይነካውም» አለና እጁን ይዞ ክሊኒክ ወሰደው።

ባሏ ሲሞት የተክሉን መደብ እሷ ተረከበች። እያረመች፣ ውሃ እያጠጣች ቆየች። ችግሩ የመጣው የልጅ ልጇ ዳዴ ማለት ሲጀምር ነው።

«እማዬ፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ይሄ ተክል እስካለ አላመጣውም» አለች ልጇ።

«አንቺን እዚሁ አላሳደግኩሽም?»

«ያኔ አባዬ ነበረ። ዝር አያስብለኝም ነበር።»

ተኮራርፈው ተለያዩ። ልብስ ሰፊዋ ለሕፃኑ ሱሪ ሰፋች፤ ሳይለብሰው አደገበት። ሌላ ሰፋች፤ እሱም እንደዚያው። አንጀቷ አልችል ሲል ደወለችና «ነይ ንቀይልኝ» አለች።

ልጅቷ ጓንት ይዛ መጣች። እናት ግንዱን ልትጎትት ስትል፣ «ተይ እማዬ! ፍሬው ደርቋል፤ ከነቃነቅሽው ዘሩ ይበተንና ለዓመታት ሲበቅልብሽ ይኖራል» አለቻት። ከሥሩ ከረጢት ዘርግታ እሾሃማዎቹን ፍሬዎች በመቀስ ትቆርጥ ጀመር። በግራ እጇ ብቻ ነው የምትሠራው፤ ቀኟን ወደ ጀርባዋ አጥፋዋለች። አትክልተኛው መርዝ ሲነካ ልክ እንዲህ ነበር፤ የሚበላበትን እጅ አያስነካም። ማንም አላስተማራትም፤ በልጅነቷ ከሩቅ እያየች የለመደችው ነው።

እናት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከቀብሩ ጀምሮ አንቃ የያዘችው ልቅሶ አመለጣት።

«ሞተ አይደል?» አለች።

«ሞተ፣ እማዬ።»

ልጅቷ ጓንቱን አውልቃ አቀፈቻት፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ተላቀሱ። ከዚያ እናት አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «በይ ጨርሺው፤ ነገ ልጄን ታመጪልኛለሽ» አለች።