በአረቄው ፈንታ የሄደው ማር

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሰኔ ወር፣ እዚያው ሰቆጣ። ያን ጊዜ ያቀፍኳት ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። እኔ አሁን መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ መነጽሬን የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል። ይህ ግን አልጠፋ አለኝ። እንደ አባት የማያቸው ሰው ማንም ክፉ ሳያስብባቸው ሞቱ፤ ሞታቸውም በእኔ ቤት በኩል አለፈ። ሳልናገረው መሞት አልፈልግም።

ባለቤቴ ለዘመቻ ተወስዶ ስለነበር ጉሮሮዬን የምደፍነው አረቄ እያወጣሁ ነበር። ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩት አያ ሰይድ ብር አንጣሪ ናቸው። የሙስሊሙን ድሪም የክርስቲያኑን የአንገት መስቀልም የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። በወጣትነታቸው አሥመራ አንድ ጣሊያን ቤት ተቀጥረው ከጠርሙስ ዶቃ መሥራት ተምረዋል። ከዚያ ይዘውት የመጡትን ዕቃ ፊያማ ይሉታል። ሆዱ ላምባ የሚሞላ የነሐስ ዕቃ ነው፤ በጎኑ መንፊያ አለው፤ አፉ ላይ ቀጥ ያለ ሰማያዊ እሳት ያወጣል። በዚያ እሳት የጠርሙስ ስባሪ አቅልጠው በሽቦ ላይ እያዞሩ ዶቃ ያደርጉታል። ከቢራ ጠርሙስ አረንጓዴና ቡኒ ይወጣል፤ ሰማያዊው ግን ከአንድ ዓይነት የመድኃኒት ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ልብ አይገኝም። የገበያ ዕለት ከፃግብጂም ከሰሃላም የመጣች ሴት የአያ ሰይድን ዶቃ ሳታይ አትመለስም ነበር።

ታዲያ ይህ ፊያማ ዝም ብሎ አይነድም። አፉ አስቀድሞ ካልጋለ የሚያወጣው ጭስና ጥላሸት ነው። ከአፉ ሥር ሲኒ የምታህል ጎድጓዳ ነገር አለችው፤ እሷ ላይ የሚነድ ነገር አፍስሰው ሲለኩሱት አፉ ይግላል። ለዚህ የሚሆነው ጠንካራ አረቄ ነው። አረቄ ደግሞ አያ ሰይድ በእጃቸው አይነኩም። መጠጣቱን ተዉት፤ ጠብታው ልብሳቸውን ከነካ አጥበው ካልሆነ አይሰግዱም። ስለዚህ አፍሳሿ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ጠርሙሴን ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ስሾልክ፣

«መጣች ሰይጣኔ!» ይሉኛል።

«ሰይጣንዎ ባትኖር ዶቃውን በምን ያቀልጡት ነበር?» እላቸዋለሁ። እቴ ዘሃራ፣ ባለቤታቸው፣ ከጓዳ ሆነው ይስቁብናል።

አለኳኮሱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሌላው ነገር ተጫዋች ናቸው፤ በእሳት ግን ቀልድ አያውቁም። ከቤት ውጭ፣ ከሣር ክዳን ራቅ ብሎ፣ ነፋስ የማይመታው ጥላ ይፈለጋል። ላምባው ከግማሽ እምብዛም አያልፍም። አረቄው ከፈሰሰ በኋላ ጠርሙሱ ተከድኖ ርቆ ይቀመጣል፤ ክብሪት የሚጫረው ከዚያ ወዲያ ነው። እሳቱ ሊያልቅ ሲል በመንፊያው ሁለት ሦስቴ ይነፉና ላምባውን የሚለቀውን ቁልፍ ቀስ አድርገው ይከፍቱታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጠፋ ብሎ በላዩ መጨመር የለም።

«የዚህ እሳት በፀሐይ አይታይም። ዓይንሽን አትመኚ፤ መዳፍሽን ከላይ ዘርጊና ሙቀቱ መኖር አለመኖሩን እወቂ» ይሉኝ ነበር።

የሳቸው ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር። በመርፌ ክር ማስገባት ካቆሙ ቆይተዋል። እኔ አፍሳሻቸውም ነበርኩ፣ ዓይናቸውም ነበርኩ።

ወደ ልጄ ልምጣ። ከእሷ በፊት ሁለት ወልጄ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞተውብኛል። ሦስተኛዋ ስትወለድ፣ ተኝታ ስትተነፍስ እንኳ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አስጠግቼ አዳምጥ ነበር። በእኛ ዘንድ ልጅ ያላደገላት ሴት በክርስትናው ዕለት ከማተቡ ጋር ሰማያዊ ዶቃ በልጇ አንገት ታስራለች። አንዳንዱ ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን ሁለት ቀብሬ ነበር፤ ለመሳቅ አልቻልኩም። አያ ሰይድ ሆዴ ገና መግፋት ሲጀምር «የዚህን ልጅ ዶቃ የምሠራው እኔ ነኝ» ብለው አንድ ሰማያዊ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡልኝ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ አራሷ ከደጅ አትወጣም፤ አረቄ ማውጣቱም ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ፊያማው ሥራ ፈቶ ተቀመጠ፤ አያ ሰይድ በከሰልና በወናፍ ብራቸውን ብቻ ይሠሩ ነበር።

ክርስትናው ለእሑድ ሆነ። ሐሙስ ዕለት እቴ ዘሃራ ደጃፌ ድረስ መጡ። ረመዳን ነበርና ከንፈራቸው ደርቋል።

«ነገ የልጅሽን ዶቃ ሊሠራ ነው። ከድሮው አረቄሽ የተረፈ ካለ በሰው ላኪልኝ ብሏል» አሉኝ።

«እኔ የለሁ፣ ማን ያፈስላቸዋል?»

«እሱ ራሱ በጨርቅ ይዞ ሊያፈስ ነዋ! ‹ለሕፃን ሲባል ነው፣ አላህ ይቅር ይለኛል› ይላል። በጾሙ! ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ለኔ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም» ብለው ሳቁ።

ያ ሰው ጠብታ ነካኝ ብሎ ጋቢ የሚያሳጥብ ሰው ነው።

እናቴ ልታርሰኝ ከደሃና መጥታ አብራኝ ነበረች። ከአማርኛው ኽምጣኛው ይቀናታል። ከተማ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊያማ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ዓርብ ጠዋት ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ጡት ብሰጣት እንቢ ትላለች፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼ እነጫነጫለሁ። በዚያ መሐል ከአልጋው ሥር አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ አወጣሁና፣

«እማ፣ ይችን ለአያ ሰይድ አድርሺልኝ። ቶሎ በይ፣ እየጠበቁ ነው» አልኳት።

ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ እሷም የምታውቀው መሰለኝ። «ለእሳት ማቀጣጠያ ነው» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አላልኩም።

ቆይታ ተመለሰች። ፊቷ ፈክቷል።

«አደረስሽ?»

«አደረስኩ። ምርቃታቸው አያልቅም፤ ደግ ሰው ናቸው» አለችኝ። እኔም ልጅቱን ይዤ ጋደም አልኩ።

ረፋዱ ላይ ከአጥር ማዶ ቡፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው የእቴ ዘሃራ ጩኸት ተከተለ። አራስነቴን ረስቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ ኧረ ያልተጠመቀች ልጅ ጥለሽ!» እያለች ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁት አያ ሰይድን መሬት ላይ፣ ጎረቤቱን ደግሞ አፈርና ቡልኮ ሲወረውርባቸው ነው። ፊታቸውንና ደረታቸውን አየሁ። ከዚያ በላይ አልጽፍም።

እሑድ ልጄ ያለ ዶቃ ክርስትና ተነሣች። ሰው በላ፣ እልል አለ። እኔ የበላሁትን አላውቀውም። ሰኞ ጠዋት ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ አያ ሰይድ ዘንድ ሮጥኩ።

ቁስል አጣቢው ድሬሰር የሚችለውን ሁሉ አድርጎላቸዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ ይጠርግላቸው ነበር። ወደ ወልዲያ እንዳይወሰዱ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ መኪና ካለፈ ሰንብቷል። ዓይናቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። በኮቴዬ አወቁኝ።

«መጣች ሰይጣኔ» አሉ፤ ድምፃቸው ከጉሮሮ አይወጣም። «ልጄ፣ ማርሽ ደርሶኛል።»

የምን ማር?

እሳቸው ቀስ እያሉ ቀጠሉ። «ማሩን ሳየው ገባኝ። በጾሜ አረቄ እንድነካ አልፈለግሽም። አላህ ያክብርሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ብር የማጸዳበት ትንሽ ቤንዚን ነበረኝ፤ እሱን አፈሰስኩ። ነደደና ጠፋ። የጠፋ መሰለኝ። ፀሐዩ እላዬ ላይ ነበር፣ ምላሴም በጥም ከላንቃዬ ተጣብቋል፣ ቶሎ ልጨርስላት አልኩ። መዳፌን ሳልዘረጋ ደግሜ ጨመርኩበት። ላንቺ የከለከልኩትን እኔው አደረግኩት።»

ምን አልኩ መሰላችሁ? «አይዞዎት፣ ይድናሉ» አልኩና እጃቸውን ሳምኩ። አይ እኔ!

ቤት ስገባ እናቴ ልጅቱን እያሻሸች ታንጎራጉራለች። ስለ ማሩ ጠየቅኳት። እንደ ጥሩ ወሬ ነገረችኝ። ደጃቸው ስትደርስ ቤቱን የጠየቀችው መንገደኛ «ጾም ናቸው» ብሎ ነገራት። ጠርሙሱን እንደያዘች እዚያው ቆማ አፈረች።

«በጾማቸው አረቄ ይዤ እስላም ቤት ልግባ? ምን በወጣኝ! አንቺ ከተማ ገብተሽ ይሉኝታሽን ጣልሽው እንዴ? ተመልሼ ያመጣሁልሽን የማር ቅል ወሰድኩላቸው። አረቄሽ ማጀት ነው፤ አልደፋሁትም።»

ማጀት ገባሁ። ጠርሙሱ ከእንስራው ጀርባ እንደታሸገ ቁጭ ብሏል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ። ለእናቴ ልነግራት ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ያን ነጭ የደሃና ማር በአህያ ተጉዛ ያመጣችው ለእኔ ነበር፤ ከአፌ ነጥላ ሰጥታለች። ደግ የሠራች መስሏት ደስ ብሏታል። እንዴት ብዬ ልንገራት? ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አያ ሰይድ በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ያንኑ ዕለት ተቀበሩ።

ለቅሶ ቤት ከእናቴ ጋር ሄድን። እንዳትመጣ ሰበብ ፈልጌ ነበር፤ «የመረቁኝን ሰው ሳላለቅስላቸው ልቅር?» አለችኝ። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እቴ ዘሃራ መሐል ናቸው። እናቴም ከጎናቸው ተቀምጣ፣ በዚያ በሚጎተት አማርኛዋ፣ ልታጽናናቸው ጀመረች።

«አንድ ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው። ልጄ አረቄ አድርሺ ብላኝ ነበር። በጾማቸው አላደርገውም ብዬ ማር አመጣሁላቸው። እንዲህ አድርገው ነበር በሁለት እጃቸው የተቀበሉኝ» አለች፤ በእጇ እያሳየች።

እቴ ዘሃራ ቀና አሉ። መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። አረቄውን የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ለምን እንደተጠየቀም፣ ሲቀር ምን እንደሆነም ያውቃሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን ማሩን የላክሁት እኔ ነበር የሚመስላቸው። አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን «ባሌን የበላችሁት እናንተ ናችሁ» ይሉናል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሉም እውነታቸውን ነው።

እጃቸውን ዘርግተው የእናቴን እጅ ያዙ።

«ጾማችንን አከበሩልን፣ እናቴ» አሉ። «የዚያን ዕለት ማታ በእርስዎ ማር ነበር ሊያፈጥር ያሰበው። አላህ ያክብርዎ።»

እናቴ ደስ አላት። ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እኔ ከማልቀስ በቀር ያደረግኩት የለም፤ ሰዉም ለሟቹ የማለቅስ መሰለው።

እቴ ዘሃራ ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን አላነሡብኝም። ልጄን እንደ ድሮው ያቅፏት ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ወንድሞቻቸው ወደ ቆቦ ወሰዷቸው፤ እዚያው ማረፋቸውን ሰማሁ። እናቴም ሞታለች፤ ስለዚያ ማር እስከ መጨረሻዋ በኩራት ትናገር ነበር።

ሰው እንዴት እንዲህ ይችላል እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ባላቸው ከሞቱ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። እኔ እውነቱን የደበቅሁት ፈርቼ ነው፤ ለእናቴ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር እንጂ ፈርቼ ነው። እሳቸው ግን የማያውቋትን አሮጊት እንዳትጎዳ ብለው ዋጡት። ቆቦ ሩቅ አልነበረም። ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ «አውቀው ዝም አሉልን» ልላቸው ስንት ጊዜ ተነሣሁ፤ በየጊዜው ሰበብ አላጣሁም። አሁን የምሄድበት ሰው የለም።