አንድ ማማ ለሁለት ማሳ

ትናንት ቆቦ ላይ መታወቂያ ላሳድስ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመች ልጅ ጥንቅሽ ትልጥ ነበር፤ ገና ሽታው ሲደርሰኝ ንዴቴ ተነሳ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣ ሆዱ ይባባል። እኔ የሚያምረኝ ግን አንድ መምህር ፊት ተመልሼ ቆሜ አፉን ማስያዝ ነው።

የእኛና የነከድጃ ማሳ ድንበርተኛ ነበር። አያቶቻችን እህትማማች ናቸው፤ አንዷ ክርስቲያን፣ ሌላዋ ሙስሊም ያገቡ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ለሁለቱ ማሳ አንድ ማማ ይሠራል፤ እኔና ከድጃ ላዩ ላይ ጀርባ ለጀርባ ቆመን፣ ወንጭፍ እየወነጨፍን፣ ከአያቶቻችን በለቀምነው የኦሮምኛ ስድብ ወፍ ስናባርር እንውላለን፤ የስድቡን ትርጉም ከእኛ ይልቅ ወፎቹ ሳያውቁት አይቀሩም። ጥንቅሹን ከማን ማሳ ቆረጣችሁ ብሎ የጠየቀን አልነበረም።

አምስተኛ ክፍል ስንገባ አዲሱ መምህር መዝገቡን ዘርግቶ ብሔራችንን ጠየቀ። ሁለታችንም ራያ አልን። እሱ የአገር ስም ነው ብሎ ክፍሉን አሳቀብን። ማታ አባቴን ብጠይቀው፣ የእናቱን ኦሮምኛ፣ የእናቴን የዋጃ ትግርኛ፣ የራሱን አማርኛ ቆጥሮ ሲያበቃ ቸገረውና ማሽላ ጠባቂ ነኝ በይው አለኝ። እኔም እንደዚያው አልኩት። መምህሩ ታዲያ ስማችንን ብቻ አይቶ እኔን አማራ፣ ከድጃን ኦሮሞ ብሎ ጻፈን፤ የእህትማማቾችን የልጅ ልጆች።

በማግስቱ ማማው ጠበበን። የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም።

«ከማማችን ውረጅ፤ ወደ ወገኖችሽ ሂጂ» አልኳት።

ወንጭፏን አንስታ ወረደች። ወንድሞቿ ማዶ ሌላ ማማ ሠሩላት። ከዚያ በኋላ እኔ ያባረርኩትን ወፍ ወደ እሷ፣ እሷም ወደ እኔ ስንላላክ ከረምን፤ ለአጨዳ ሲደርስ የሁለቱም ማሳ ማሽላ ዛላው ባዶ ነበር። አባቴ የእኛን ማማ አፍርሶ ማገዶ አደረገው።

ከድጃ ጎብዬ ከተማ ተዳረች። ይቅርታ ልላት ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቴም በሯ ሳልደርስ ከገበያው ተመልሻለሁ። ማን እንደሆንኩ ሳትጠይቀኝ ታውቅ የነበረች እሷ ብቻ ነበረች።

ወረፋዬ ደረሰ። ጸሐፊዋ ከወረቀቱ ቀና ሳትል ብሔር አለችኝ። ለዚያ መምህር በልቤ ስደግመው የኖርኩት ረጅም መልስ ነበረኝ። ጥያቄዋን እንኳ ሳትደግም፣ እሱ የጻፈልኝን ነገርኳት።