መሃሉ ያልሞቀ ቆጮ

ልጄ የገዛችው ማይክሮዌቭ ሦስቴ ጮኸና ቆመ። ከትናንት የተረፈውን ቆጮ አወጣሁት። ዳሩ ጣት ያቃጥላል፤ ስቆርሰው መሃሉ ቀዝቃዛ ነው።

«እማዬ፣ ሞገዱ ዳር ዳሩን ነው ቶሎ የሚያሞቀው። መሃሉ እስኪደርሰው ትንሽ ታገሺው» አለችኝ፣ ወደ ቢሮ ለመሄድ ጫማዋን እያሰረች።

ቀዝቃዛውን መሃል ስነካው የልጅነቴ ቆጮ ትዝ አለኝ፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በጸሐፊነት ከሚሠራበት ከቦንጋ ወደ ሰሜን ተዛውሮ ሊሄድ ነው፤ ቤት ሲያገኝ ሊወስደን ቃል ገብቷል። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። እናቴ በኮባ የጠቀለለችውን ቆጮ ረመጥ ውስጥ ቀብራ፣ «ቀስ ብሎ ይብሰል፤ እንዳትነኪው» ብላኝ ልብሱን ልታጥፍ ገባች። እኔ ግን ሳይበላ እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ፍም ከመርኩበት። ኮባው ነደደ።

አባቴ እንደ ቆመ ያረረውን ዳር በላ። መሃሉ ሊጥ ነበር።

«የኔ እመቤት፣ ቸኮልሽ አይደል?» ብሎ ሳቀ። «መሃሉን አስቀምጪልኝ፤ ስመለስ እበላዋለሁ።»

እናቴ አልሳቀችም። መኪናው ሲርቅ እያየች፣ «የስንት ቀን ረመጥ ይበቃው ይሆን?» አለች። ስለ ቆጮው መስሎኝ፣ «እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኳት። ጠቅልዬ መልሼ ቀበርኩት። ሻግቶ እስክትጥለው ድረስ በየቀኑ አመዱን እየገለጥኩ አየው ነበር። አባቴ አልተመለሰም።

«መልሼ ላስገባልሽ?» አለች ልጄ ከበሩ ላይ።

«ተይው፣ ይረፍድብሻል።»

ከሄደች በኋላ መሃሉን እንደ ቀዘቀዘ በላሁት።