ቤት ሳይ የዋልኩበት እሑድ

ሞሪሸስ የሚባል አገር መኖሩን በደንብ ያወቅሁት ልሄድበት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ነው። የስኳር ልማትን በሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ከነዚያ ጥቂቶች እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገር ግን ስለ ሸንኮራ አገዳ የተጠራው ስብሰባ በፈረንሳይኛ የሚካሄድ ሆነና፣ በመሥሪያ ቤታችን ፈረንሳይኛ የምችለው እኔ ብቻ ሆንኩ። በልጅነቴ የተማርኩት ካቶሊክ ሲስተሮች ዘንድ ነበር። አለቃዬ አስጠርቶኝ፣ "ጓዲት፣ ከኢንጂነሩ ጋር ትሄጃለሽ። እሱ ጥናቱን ያቀርባል፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ" አለኝ።

የምኖረው ልደታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ። ቤቱ ድሮ የአንድ ባለሥልጣን ነበር። ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ቀበሌው ሰፋፊዎቹን ክፍሎች በኮምፔንሳቶ ከፋፍሎ ለአምስት ቤተሰብ አከራየው። ለእኔና ለእናቴ የደረሰን የበረንዳው ጥግ ላይ ያለው ክፍል ነው። እናቴ ከጉዞው በፊት በነበረው ክረምት አረፈች። ወንድምም እህትም የለኝም። ስለዚህ መሄዴ እርግጥ ሲሆን የነገርኩት ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ለሚኖሩት ጎረቤቴ ብቻ ነው፤ እትዬ ነው የምላቸው።

"ብቻሽን ከቤት እንዳትወጪ እንግዲህ" አሉኝ። "የማያውቁት አገር ነው።"

"ብቻዬን አይደለሁም፣ እትዬ። የመሥሪያ ቤት ሰው አብሮኝ አለ።"

ኢንጂነሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ሚስቱና ትንሽ ሴት ልጁ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ይኖራሉ። ታናሽ ወንድሙ በቀይ ሽብር ጊዜ መገደሉን በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እሱ ግን አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ሲስቅ ያየሁትም አልፎ አልፎ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከናይሮቢ እንደተነሣን፣ ድንገት ወደ እኔ ዞረና፣ "አንቺን ቤት የሚጠብቅሽ ሰው አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩት። "እናቴ ነበረች።"

"አዎ፣ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ከአውሮፕላኑ ስወጣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሸንኮራ አገዳ ብቻ ነው፤ ከአገዳው ጀርባ ሹል ሹል ተራሮች፣ ከተራሮቹ ጀርባ ባሕር። የደሴቲቱ ሰዎች ድብልቅ ናቸው። ህንዶች አሉ፣ ቻይናዎች አሉ፣ ፈረንሳዮች አሉ፤ ክሪዮል የሚባሉት ደግሞ ከአፍሪካና ከማዳጋስካር በባርነት የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ቋንቋቸውም ክሪዮል ይባላል፤ ከፈረንሳይኛ የወጣ ነው፤ ሲስተሮቹ ቢሰሙት ግን ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። እኔን ያየ ሁሉ የአገሩ ልጅ እመስለዋለሁ። ፍራፍሬ ሻጯ፣ የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ፣ ሆቴሉን የሚያጸዱት ሴቶች በክሪዮል ያወሩኛል። በፈረንሳይኛ ስመልስ ፊታቸው ይለወጣል፤ የተኩራራሁባቸው ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። እንደዚያ ሆኖ መታየት ከባዕድነትም የባሰ ነገር አለው። ፈረንጅ ብሆን ባዳ መሆኔን ሁሉም ከሩቅ አውቆ ይተወኝ ነበር።

ስብሰባው ሲጋመስ እሑድ መጣ። አስተናጋጆቻችን የከተማዋን ሐውልቶችና የድሮ ክሪዮል ቤቶችን ሊያስጎበኙን አውቶቡስ አዘጋጁ። ጠዋት ቁርስ ላይ ኢንጂነሩ ሻይ ብቻ ይዞ ተቀምጧል።

"ሆዴን አሞኛል" አለኝ። "አንቺ ሂጂ።"

"መድኃኒት ልጠይቅልህ?"

"አይ፣ ብተኛ ይሻለኛል። ሂጂና በደንብ እዪው፤ ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።"

አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ከአገሩ ሰው ጋር ተቀምጦ በቋንቋው ያወራል። እኔ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አኖርኩበት።

መጀመሪያ የሄድነው ወደቡ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ነው። በዘንባባ ረድፍ መካከል ፈረንሳዊ ገዢ በነሐስ ቆሟል፤ ዕቃ ጫኝ ወጣቶች እግሩ ሥር ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ቀጥሎ በአገዳ ማሳ ውስጥ ብቻውን የቀረ የድሮ ስኳር ፋብሪካ ጭስ ማውጫ አሳዩን፤ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አናቱ ላይ ዛፍ በቅሎበታል። ከዚያ አስጎብኚው ከሩቅ አንድ ተራራ አሳየን። ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሮች አናቱ ላይ ተሸሽገው ይኖሩ ነበር አለ። ባርነት ሲቀር ነፃ ናችሁ ብለው ሊነግሯቸው ወታደሮች ወጡ፤ ሰዎቹ ግን ሊይዙን መጡ ብለው ራሳቸውን ከገደሉ ወረወሩ፤ እንደዚያ ይባላል። አንዷ የማዳጋስካር ተወካይ እንባዋን ጠረገች። እኔ ግን ልክ እንደ ሥራዬ፣ ለኢንጂነሩ በአማርኛ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ነበር የማስበው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ ቤት ደረስን። የአንድ ባለ እርሻ ፈረንሳዊ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ ነው። ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተሠራ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ዙሪያውን በረንዳ የከበበው። የጣሪያው ጠርዝ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል። በሮቹ የትየለሌ ናቸው፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው አሉን። ሌሎቹ ፎቶ ለመነሣት ወደ አትክልቱ ቦታ ሲወርዱ እኔ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ቀረሁ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ለብዙ ሰው ሳህን ተደርድሯል። የሚበላ ግን የለም።

ቤቱን የሚጠብቁት አንዲት አሮጊት ክሪዮል ነበሩ። ሳህኖቹን በጨርቅ እየወለወሉ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። አልገባኝም ስላቸው ቀስ ብለው በፈረንሳይኛ ደገሙት።

"የማን ልጅ ነሽ? ከየትኛው መንደር?"

"ከዚህ አይደለሁም፣ እማማ። ከኢትዮጵያ ነኝ።"

"እኔ ደግሞ የእህቴን ልጅ መስለሽኝ። ሩቅ ነው አገርሽ?"

"ሩቅ ነው።"

"ብቻሽን መጣሽ?"

"የለም፣ ባልደረባ አለኝ። ዛሬ አሞት ቀረ።"

ከጓሮ ቫኒላ የሚሸት ሻይ አመጡልኝና በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እሳቸው የተወለዱት ከትልቁ ቤት ኋላ ባለው የሠራተኞች ክፍል ነው። የመጨረሻዋ እመቤት ሳያገቡ አርጅተው፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ ወደ ፈረንሳይ ሄደውባቸው፣ ለዓመታት ብቻቸውን እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይበሉ ነበር አሉኝ።

"እርስዎ አብረዋቸው አይበሉም ነበር?"

አሮጊቷ ገረማቸው። "እኔ? እኔ ቆሜ ነበር የማሳልፍ። እሳቸው እዚያ፣ እኔ እዚህ በሩ ጋ። ሁለታችንም ዝም።"

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጠራኝ። ተሳስመን ተለያየን።

ሆቴል ስንደርስ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ብዙ የምነግረው ነገር ስለነበረኝ ቀጥታ ወደ ኢንጂነሩ ክፍል ሄጄ አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደግሜ አንኳኳሁ። እንግዳ መቀበያው ጋ ወርጄ ስጠይቅ እዚያ የምትሠራው ልጅ ቁልፉን ከመስቀያው አንሥታ አሳየችኝ፤ "ጠዋት እናንተ እንደሄዳችሁ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ተመልሰው አልመጡም" አለችኝ።

ክፍሉን ከፈቱልኝ። አልጋው ተነጥፏል፤ የሚያጸዱት ሴቶች ስላልገቡ እሱ ራሱ ነው ያነጠፈው። የሚያቀርበው ጥናት ጠረጴዛው ላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ትንሿ በረንዳ ላይ አንድ ነጭ ሸሚዝ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ነካሁት፣ ኮሌታው ገና አልደረቀም። እዚያ ቆሜ አንዴ ሸሚዙን አንዴ ባሕሩን አያለሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም። የዋልኩበትን የምነግረው ሰው ማጣቴ ነበር የመጣብኝ። ፍርሃቱ ቆይቶ፣ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ነው የደረሰ።

በማግስቱ አስተናጋጆቹ እንዳላወቁ ሆኑ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማቸው የመጀመሪያቸው አልነበረም መሰለኝ። የአገራችን ስም በተጻፈበት ሰሌዳ ኋላ ሁለት ወንበር ነበረ፤ አንዱን አላነሡትም። ተራው ሲደርስ ጥናቱን እኔ አነበብኩት። የአገዳ በሽታ፣ የመስኖ ውኃ፣ የማላውቀው ነገር ሁሉ። ጥያቄ ሲያነሡብኝ፣ "ባለሙያው አሟቸዋል" አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ያመነኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን በትሕትና አጨበጨቡልኝ።

በሻይ ሰዓት ከአስተናጋጆቹ አንዷ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አንቺስ?" አለችኝ።

"እኔ ምን?"

"መቅረት ከፈለግሽ የሚረዱሽ ሰዎች አሉ።"

"እመለሳለሁ" አልኳት። ቃሉ ሳላስብበት ነው የወጣው። ለምን እንደተመለስኩ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ምናልባት የእናቴ መቃብር። ምናልባት ደግሞ የኢንጂነሩ ዓይነት ድፍረት አልነበረኝም።

ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ትልቁ ቤት ተመለስኩ። ተዘግቷል። በሮቹ ሁሉ ለአውሎ ነፋስ በተሠሩት መዝጊያዎች ተቀርቅረዋል፤ አሮጊቷም የሉም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ አትክልተኛ ሣር እያጨደ አልፎ በክሪዮል ሰላም አለኝ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪመጣ እዚያው ቆየሁ።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ሰዎች ይጠብቁኝ ነበር። ለቀናት በተከታታይ ወደ አንድ ቢሮ እየተጠራሁ ተጠየቅሁ።

"እሱ ሲጠፋ አንቺ የት ነበርሽ?"

"ቤት እያየሁ ነበር።"

"የምን ቤት?"

"የድሮ ቤት። ከእንጨት የተሠራ፣ በረንዳ ያለው።"

"ልትገዢ ነው?"

"አይደለም። ለማየት ብቻ።"

ጠያቂው ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ "ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግራ በረንዳ ልታይ!" አለና ሳቀ። ያ ሳቅ ሳይሆን አይቀርም ያዳነኝ። ሞኝ ናት ብለው ተዉኝ። ከጸሐፊነቴ ግን ተነሥቼ ፀሐይ ወደማያይ የመዝገብ ቤት ክፍል ተዛወርኩ። ባልደረቦቼ ከእኔ ጋር ምሳ መብላት ፈሩ። ልደታም ሰፈር ውስጥ ሰዎች ሲያዩኝ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ከእትዬ በቀር "እንዴት ነበር አገሩ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እሳቸውም የጠየቁኝ በሹክሹክታ ነው።

ሸሚዙን ይዤው መጥቻለሁ። ነገሩ በረድ ሲል አንድ ቅዳሜ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሄድኩ። የብረታ ብረት ሥራ ቤቶቹን አልፌ፣ በጠባቡ መንገድ ገብቼ፣ ሰው ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ግራ ቀኝ አይታ ቶሎ አስገባችኝ። ሕፃኗ ምንጣፍ ላይ ትጫወታለች።

"ያን ቀን ጠዋት አይተሽው ነበር?"

"አዎ፣ ቁርስ ላይ።"

"በላ?"

"ሻይ ብቻ ጠጣ። ሆዴን አሞኛል አለኝ።"

"ስለ እኛ ያለው ነገር አለ?"

የሚያጽናና ነገር ፈጥሬ ልነግራት አሰብኩ። ግን ዓይኔን እያየች ነበር። "ምንም አላለም" አልኳት። ከቦርሳዬ ሸሚዙን አውጥቼ ሰጠኋት። "ይህን ትቶት ሄደ።"

ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። "ታጥቧል። አንቺ ነሽ ያጠብሽው?"

"እኔስ አላጠብኩትም። እሱ ነው አጥቦ ያሰጣው።"

"እሱ?" አለች። "እሱ እኮ አንድም ቀን ልብስ አጥቦ አያውቅም።" ይህን ብላ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘረጋችውና እጅጌዎቹን በመዳፏ ታስተካክል ጀመር። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። እኔም እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር አለቀስኩ።

እየቆየ እሑድ እሑድ መገናኘት ጀመርን። አንዳንዴ እሷ ልጇን ይዛ ልደታ ማርያም ታስቀድስና እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ አንዳንዴ እኔ እሄዳለሁ። ብዙ አናወራም። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ልጅቷን ፊደል አስቆጥራለሁ። የእሷም ዘመዶች ሸሽተዋት ስለነበር ወደ እሷ የሚመጣ ሰው አልነበረም። እሱ በሕይወት መኖሩን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አውስትራሊያ ገብቷል አሉ። ያን ቀን ደስ አላት፤ ቆየት ብላ ደግሞ ተቆጣች።

ደርግ ሲወድቅ መንገዱ ተከፈተና ኢንጂነሩ የጉዞ ወረቀታቸውን ላከ። ልጅቷ ያን ጊዜ ደርሳ ነበር፤ አባቷን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚስቱ አንገቴን አቅፋ፣ "ለሱ ምን ልበልልሽ?" አለችኝ።

ብዙ ነገር ነበረኝ። ስለዚያ እሑድ ያልነገርኩት ሁሉ። "ደህና ናት በይልኝ" አልኳት።

ልጅቷ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና እጇን እያወዛወዘች ስትሄድ፣ እስክትሰወር ቆሜ አየኋት። ከዚያ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ሰዉ ሞልቶ ነበርና ከኋላ ወንበር መስኮቱ ጋ ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ ያሉት ባልና ሚስት ስለ ስኳር መወደድ እየተጨቃጨቁ ልደታ ደረስን።