የጨመርኳት አንዲት መስመር

እህቴ ቤት ስገባ ስልኬን አጥፍቼ በሩ አጠገብ ያለው ሰፌድ ላይ አስቀምጣለሁ። ማንም አላስገደደኝም። መጀመሪያ ሰሞን ግን እጄ ሳላዘው ኪሴን ይዳብስ ነበር። የከሚሴ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሰምቶ እኔ ብቻ ያልሰማሁ እየመሰለኝ ሻዬን በትኩሱ ጨልጬ እወጣ ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ስልኬ የስፌት መኪናዬን ተደግፎ ይውል ነበር፤ አንድ ዓይኔ ጨርቁ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ፌስቡክ ላይ። የሰው ሱሪ ገልብጬ የሰፋሁበት ቀን አለ። ከምንም በላይ የምወደው ወሬ ቀድሞ ማውጣት ነበር። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ “ካንተ እኮ ነው የሰማነው” ሲለኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

የሰንበቴ ከተማ ገበያ በሚውልበት አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የተገለበጠ አይሱዙ ፎቶ አገኘሁ። የት እንደሆነ አይልም፤ መቼ እንደሆነም አይልም። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላሉ፤ እኔ የጨመርኩበት ውሸት ነው። “ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ ነው፤ የተረፈ የለም ይባላል” ብዬ ጻፍኩና ለቀቅኩት። “ይባላል” ያልኩት እኔው ነኝ፣ ከእኔ በቀር ያለ አልነበረም። የእህቴ ባል በዚያው ቀን ፍየል ሊያመጣ ሰንበቴ መሄዱን አውቃለሁ። እያወቅኩ አላሰብኩትም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ደንበኛዬ ደወለና “ሰምተሃል?” ብሎ የራሴን መስመር ቃል በቃል አነበበልኝ። ያኔ ነው አማቼ ትዝ ያለኝ። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ጽሑፉን አጠፋሁት፤ ግን ስንቱ ጋ እንደደረሰ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሱቁን እንኳ ሳልዘጋ ወደ እህቴ ቤት ሮጥኩ።

እህቴ ስምንተኛ ወሯ ነበር። ስልክ የላትም፤ የጎረቤት ልጅ ናት ያነበበችላት። ስደርስ ሴቶቹ ግቢውን ሞልተው ምንጣፍ ተነጥፏል። እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

“ወንድም ዓለም፣ አንተ ነህ አሉ የጻፍከው። ዱጋ ነው?”

እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ስትጨነቅ ኦሮምኛው ይቀድማታል። ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ፣ የሰውየው ስልክ ዝግ እንደሆነ፣ ውሸት መሆኑን በምን አውቃለሁ? የፈጠርኩትን ወሬ እኔው ማመን ጀመርኩ። “እያጣራሁ ነው” አልኳት። ፈሪ ነበርኩ። እሷ በሥቃይ ወገቧን ስትይዝ አንዷ ሴትዮ “ምጥ እንዳይሆን” ብላ በሹክሹክታ ተናገረች።

በዚህ መሃል የአማቼ የገበያ ደንበኛ የሆነ አንድ የአፋር ሽማግሌ በሩ ላይ ደረሰ፤ ከሰንበቴ ተነስቶ ማሽላ ሊገዛ ከሚሴ መምጣቱ ነው። ሴቶቹ እየጮሁ ሊነግሩት ሲሽቀዳደሙ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። በትሩን አስቀመጠ፣ ተቀመጠ። የእነሱ ሕግ ነው፦ ዳጉ ይሉታል፤ ወሬ ተቀምጠው ነው የሚቀባበሉት፣ ያየ ያየሁ፣ የሰማ ከማን እንደሰማ ይናገራል። ውሸት ያቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም።

“ማን አየ?” አለ።

ሴቶቹ ወደ ልጅቷ፣ ልጅቷ ወደ እኔ አመለከቱ።

“አንተ አየህ?”

“አላየሁም።”

“ማን ነገረህ?”

“ማንም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።”

ሽማግሌው አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን ወደ እህቴ መለሰ። “እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግደን አብረን ወጣን። ፍየል ሲያጠጣ ስልኩ ከኪሱ ውሃው ውስጥ ወደቀ፣ ስቄበታለሁ። እኔ ስነሳ ፍየሎቹን እየጫነ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም። በመንገዴ ላይ ግን የወደቀ መኪና የለም።”

ከዚያ ሰውየው እስኪመጣ በሩን እያየን ጠበቅን። እህቴ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችኝም። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ባሏ አቧራ ለብሶ፣ ሁለት ፍየል እየጎተተ ገባ፤ ለቀስተኛ አይቶ ማን ሞተብን ብሎ ደነገጠ። ልጁ በማግስቱ ያለ ቀኑ መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ኖረ።

ፌስቡኩን ከስልኬ አወጣሁት። ስልኩንም ከስፌት መኪናዬ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ለዙሁርና ለአስር ሶላት ስነሳ ብቻ አየዋለሁ። ሱሪ ገልብጬ መስፋትም ቀረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ግን እውነት ነው።

ልጁ መሄድ በጀመረ ሰሞን እናታችን ታማ ደሴ ሆስፒታል ተኛች። ሄጄ ሦስት ቀን አጠገቧ ሰነበትኩ፤ ሲሻላት ከመናኸሪያ በቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ስልኬን ሰፌዱ ላይ አደረግኩ።

“ተሽሏታል፤ ትናንት ገንፎ በልታለች” አልኳት።

“በዓይንህ አየህ?”

“በዓይኔ። እኔው ነኝ ያጎረስኳት።”

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ልጇን አዝላ፣ እናታችን ጋ አስደውላ ልትጠይቅ ወደ ጎረቤት ሄደች። እስክትመለስ ተቀምጬ ጠበቅኳት።