የተመለሰው ቅቤ

የማርያም ማኅበራችን በየወሩ በሃያ አንድ፣ በየተራ በአባላቱ ቤት ይጠጣ ነበር። ባለተራዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ድፎ ትደፋለች፣ ቄሱ መጥተው ይባርካሉ። ሲያበቃ የሸክላው ጽዋ በነጭ ሻሽ ተሸፍኖ ለቀጣይዋ ባለተራ ይሰጣል። ጽዋው ያደረበት ቤት ማርያም ያደረችበት ቤት ነው እንል ነበር። ከወረታ በታች፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ከቦን ለምንቀመጥ ሴቶች ሌላ መሰብሰቢያ አልነበረንም። እኔ ደግሞ በትዳር የመጣሁ ነኝ፤ በዚያ አገር የሥጋ ዘመድ አልነበረኝም። ዘመዴ ማኅበሩ ነበር።

የማኅበሩ አለቃ የባሌ አክስት ነበረች። በሕይወት ሳለች አንቱ ስላት ኖርኩ። አሁን ሞታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ እዚህ ላይ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። በዚያ ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ቤተ ክርስቲያኑ ከጉብታው ላይ ይታየናል እንጂ አንደርስበትም፤ ቄሱም በታንኳ ለመውረድ አልደፈሩም። «እግዜር ከውኃው ማዶ ቀረ» እያሉ ሴቶቹ ይቀልዱ ነበር።

ከሰፈሩ ጫፍ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ባሏ ቀጥቃጭ ነው። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። ድስታችንም ገንቧችንም የእጇ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ቡዳ ናት ተብላ ቤቷ የሚገባ፣ ከእሷ ጋር የሚቆርስ አልነበረም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ረፋድ፣ የጠፋ ጥጃ ስፈልግ ስታቃስት ሰማኋት። ባሏ ማረሻ ሊሸጥ አንበሳሜ ገበያ እንደወጣ ውኃው እንዳይመለስ ከልክሎታል። ገባሁ። ምጥ የያዛትን ሴት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ወገቧን መያዝ የሁላችንም ወግ ነው፤ እኔም ያንኑ አደረግሁ። ሴት ልጅ ወለደች። እልል የሚልላት ሌላ ሰው ስላልነበረ ከደጅ ወጥቼ ብቻዬን እልል አልኩ።

ውኃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ከማዶ ያሉት ሴቶች ወሯ የገባ አንዲት ሙሽራ ስለነበረች እሷ የተገላገለች መሰላቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ እየገቡ፣ እልልታውን ተከትለው መጡ። ከፊት አክስትየው ነበረች፤ የገንፎውን ቅቤ በቅል አድርጋ ይዛለች።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለች ገና ከሩቅ። «የት ነው ያለችው?»

«እዚህ ነች፤ ግቡ!» አልኳቸው።

አክስትየው አጥሩ ጋ ደርሳ ቆመች። «እዚህ? ማንን ነው የማረችው?»

«ሸክላ ሠሪዋን።»

ከኋላ አንዷ ሳቋ አመለጣት። «እኛስ ሰው የወለደ መስሎን!»

«ኑ፣ ቅቤው ሳይቀልጥ» አለች አክስትየው። በመጡበት ውኃ ተመለሱ። አንዳቸውም ዞር ብላ አላየችም። ገንፎውን ያለ ቅቤ፣ በተልባ አቀረብኩላት፤ ከአንድ ገበታ በላን።

ተራዬ ኅዳር ነበር። ጌሾውና ብቅሉ ተዘጋጅቷል፤ ጥቅምት ሃያ አንድ ጽዋውን ልቀበል ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ። አክስትየው ሻሹን አልለቀቀችም። ቄሱን አየቻቸው።

«ልጄ» አሉኝ ቄሱ፣ «ጠበል ተረጭተሽ፣ ሱባዔ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ይኸን ያህል የሚከብድ አይዶለም።»

«በምን ኃጢአት፣ አባ?»

«ከእሷ ጋር በልተሻል፤ አገሩ ሁሉ ያወራዋል።»

«ማርያም ከገባችበት ቤት ነው የበላሁት።»

«ለአባ መልስ ትሰጫለሽ?» አለች አክስትየው። «ምን ያለሽው ነሽ እቴ!»

«እሺ እትዬ፣ ይኸን የያዙትን ጽዋ ማን ሠራው?»

እሷ ግን አልደነገጠችም። «እሳት ገብቷል» አለች። «እሳት ያነጻል።»

ጽዋው ለሌላ ተሰጠ። ጠበሉን እምቢ አልኩ፤ ብረጭ ኖሮ ያቺን ሴት ማዋለዴ ርኩሰት ነው ብዬ መፈረሜ ነበር። ባልሽ ምን አለ የሚል ይኖራል። እሱን አልናገርም።

ኅዳር ሃያ አንድ ሸክላ ሠሪዋን ልጇን አዝላ እንድትመጣ ጠራኋት። ቄስ የለም፤ አባታችን ሆይ ብለን ድፎውን ቆረስን። ከዚያ በኋላ በየወሩ እንዲሁ አደረግን። የዛሬ ልጆች ይኸን ሲሰሙ እውነተኛው ማኅበር ያ ነበር እያሉ ያሞግሱኛል። እነሱ ምን ቸገራቸው! ሁለት ሴቶች ለአንድ እንስራ ጠላ ተቀምጠን፣ ከማዶ የእነዚያ እልልታ ሲመጣ ጨዋታችን ይቋረጥ ነበር። እኔ የፈለግሁት ማኅበሬን ነው፤ እሷንም ይዤ።

ልጅቷ በእግሯ መሄድ ከጀመረች በኋላ የማኅበሩ ጽዋ ተሰበረ፤ የተሸከመችው ሴት ጭቃ አንሸራትቷት ነው። አክስትየው መጥታ ከአጥሬ ውጭ ቆመች።

«አንቺ ከሷ ጋር ትግባቢያለሽ» አለችኝ። «አንድ ጽዋ አሠሪልን።»

«እርስዎ ለምን አይሄዱም?»

«እኔማ ምን ብዬ!»

«እኔስ፣ ልመለስ?» አልኳት። ይኸን በመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ጠበሉ እንደሆን አልደረቀም» አለች።

ለሸክላ ሠሪዋ ነገርኳት። ሠራችው፣ አደረቀችው፣ ተኮሰችው። ሲበርድ አምጥታ ቤቴ አስቀመጠችው። ቀኑ ሃያ አንድ ነበር።

«አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ለሰው አይሰጥም» አለችኝ።

ጠላ ሞላንበት። መጀመሪያ እሷ ጠጣች፣ ቀጥሎ እኔ። ልጅቷም በሁለት እጇ ይዛ ጎነጨችለት፤ ግማሹን ደረቷ ላይ አፈሰሰችው። አክስትየው እሳት ያነጻል ብላ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌላ እሳት አልገባም። አለቅልቄ በሻሽ ሸፍኜ ለአክስትየው ሰጠኋት፤ ተሳልማ ተቀበለችኝ።

በሚቀጥለው ወር ያንን ጽዋ ይዘው በአጥሬ ጥግ አለፉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚሄዱት። እኔ ከደጅ ተቀምጬ ጓያ እለቅም ነበር። አክስትየው ቀና ብላ እንድታየኝ ጠበቅሁ። አላየችኝም። ሰፌዱን ወደ ጭኔ ሳብ አድርጌ መልቀሜን ቀጠልኩ።